ይሉኝታ የሌለው ሠራተኛ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ከሚጎርፈው ተሳፋሪ መካከል ሂሳብ የማይጠየቀው ፍላሽ ብቻ ነው። ሕፃን እንኳ "ወይ እቀፊው፣ ወይ ክፈይለት" ይባልበታል። ፍላሽ ግን ጃኬት ኪስ ውስጥ ተወሽቆ፣ ቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከእስክሪብቶና ከማስቲካ ጋር ቦርሳ ውስጥ ተደበላልቆ፣ የአንድ ድርጅት ሙሉ ጓዳ ተሸክሞ በነፃ ይሳፈራል።

ጠባዩም ከተሳፋሪ ሁሉ የለሰለሰ ነው። የሰካውን ሁሉ እሺ ይላል። ሂሳብ ክፍሉን እሺ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱን እሺ፣ ሙዚቃ ጫኙን እሺ፣ ቫይረሱንም እሺ። "አንተ ደግሞ ማን ነህ?" ብሎ የጠየቀበት ቀን የለም። ፍላሽ በፈረንጆቹ 2000 ገበያ ላይ ሲወጣ የሚይዘው 8 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ በስልካችን ከምናነሳቸው ፎቶዎች ሁለት ሦስቱን ቢይዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዱ በሺዎች እጥፍ ሰፋ። አፉ ግን ያው እንደተከፈተ ነው።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ሆነዋል። በካርታ ላይ አንድ ናቸው። ታክሲ ተራ ላይ ግን ሦስት አገር ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል ነው፤ የሜታ ቢራ አገር፣ የጅቡቲው አዲሱ ባቡር ሐዲድ የሚነሳበት። ቡራዩ በአምቦ መንገድ ከአስኮ ማዶ፣ ወደ ገፈርሳ ግድብ ሲሄዱ ነው። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ነው፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ከጎህ ጀምሮ ሯጮች ይርመሰመሱበታል። እኔ የምሠራበት ድርጅት ፋብሪካው ሰበታ፣ መጋዘኑ ቡራዩ፣ ማከፋፈያው ሱሉልታ ነው። ይህን ያቀደው ሰው ወይ የመሬቱን ዋጋ ብቻ ያየ ነው፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ታክሲ ተሰልፎ አያውቅም። በታክሲ ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን ከወገቧ እስከ ራሷ ማቋረጥ የግድ ነው።

"ታዲያ ለምን በኢሜይል አትላላኩም?" የሚል ወጣት አይጠፋም። እንላላካለን፤ ኔትወርክ ሲኖር። ኔትወርክ ሲኖር ግን መብራት የለም፣ መብራት ሲኖር "ሲስተም የለም" ይባላል፤ ሁሉም አንድ ላይ የተገኙ ዕለት ደግሞ እሑድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት በተዘጋ ጊዜ የኛን ቢሮ በእግሩ ያቆመው ፍላሽ ነበር። ስለዚህ ወር በመጣ ቁጥር የመጋዘኑ ቆጠራ፣ የማከፋፈያው ሽያጭ፣ የሠራተኛው ፊርማ ሁሉ በፍላሽ ይሰበሰባል። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ተወራርዶ፣ ግብሩ ተቆርጦ፣ ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ ተሰልቶ፣ ፔሮሉ በዚያው ፍላሽ ይመለሳል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩ፣ የግብር ከፋይ መለያው፣ የዕቁብ ብድሩ፣ በፍርድ ቤት የሚቆረጠው የልጅ ቀለብ ሳይቀር እዚያው ላይ አለ። ሚስት የማታውቀውን ፍላሹ ያውቃል።

ይህ ፍላሽ አንድ ማታ ከሱሉልታ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ቀረ። ይዞት የነበረው የማከፋፈያው ስቶር ኪፐር አዲሱ ገበያ ላይ ወረደ፤ ፍላሹ ወንበር ሥር አደረ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የታክሲው ረዳት ደወለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ባለቤቱን ለማወቅ ሲል ተራው አጠገብ ያለ ሙዚቃ ቤት ገብቶ አስከፍቶታል። ሥራ አስኪያጃችን በደስታ ስፒከሩን ከፈቱት።

"ተባረክ ልጄ! አምጣልን፣ ሁለት መቶ ብር እንሰጥሃለን።"

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነው ያሉት።"

"እና?"

"የቤት አበል አለ። የነዳጅ አበል አለ። የኃላፊነት አበል አለ። በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት መቶ ብር፣ ጋሼ?"

ፀሐፊዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ምክትል ሥራ አስኪያጁ "ድርጅታችን የኃላፊነት አበል የሚባል ነገር የለውም" ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ክፍያው በዚያው ሺህ ብር ገባ። ፍላሹም በሰላም ተመለሰ፤ የተነበበውን ግን ማን ይመልሰዋል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ወዲህ የኛ ሠራተኛ በዚያ መስመር ሲሳፈር መልስ ቢጠይቅ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች ያየዋል። "ለእርስዎ ደግሞ ሁለት ብር ምን አላት?"

ልጁን ለመንቀፍ የቸኮለ ካለ ይታገሥ። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 297 ፍላሾችን ግቢው ውስጥ ሆን ብለው ጥለው ነበር። በፈረንጆቹ 2016 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት ቢያንስ 45 በመቶው ተሰክቶ ፋይሉ ተከፍቷል፤ ለምን ከፈታችሁ ሲባሉም አብዛኞቹ ባለቤቱን ፍለጋ ነው አሉ። እንግሊዝ አገርም በ2017 የሒዝሮው አውሮፕላን ማረፊያ የደኅንነት ሰነዶች ያሉበት ፍላሽ ለንደን መንገድ ላይ ወድቆ ተገኝቷል። ያገኘው ሰው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አየው። 76 ፎልደር፣ አንዱም አልተቆለፈም። አውሮፕላን ማረፊያው በማግስቱ ዓመት 120,000 ፓውንድ ተቀጣ። የኛው ረዳት በሺህ ብር ነው የተስማማው፤ ርካሽ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጁ ሰብሳቢ፣ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ የግዢ ኃላፊው፣ የአይቲው ልጅና ስቶር ኪፐሩ አባላት ሆኑ። ስቶር ኪፐሩ የተቀመጠው እንደ ባለሙያ ይሁን እንደ ተከሳሽ ያልተወሰነ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። የመጀመሪያው ስብሰባ ፍላሽ ቋሚ ንብረት ነው ወይስ አላቂ በሚለው አለቀ።

በሁለተኛው ላይ ሰብሳቢው መፍትሔ ይዘው መጡ። "ሆቴል ቤት የሽንት ቤት ቁልፍ የማይጠፋው ለምንድን ነው? ከግንድ ጋር ስለሚታሰር ነው።" ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ፍላሹ ለጥቂት ሳምንታት ክንድ ከሚያህል የባሕር ዛፍ ፍልጥ ጋር በሽቦ ታስሮ በሦስቱ ከተሞች ተመላለሰ። እውነት ነው፣ አልጠፋም። ነገር ግን ሲሰኩት ፍልጡ ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛ ይጎትታል፤ ታክሲ ላይም ረዳቶቹ "ይሄ ጭነት ነው" ብለው ያስከፍሉበት ጀመር።

የአይቲው ልጅ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። "ጋሼ፣ እንጨቱ እንዳይጠፋ ይከለክል ይሆናል። እንዳይነበብ ግን አይከለክልም" አለ። ምስጠራ የሚለው ነገር ወደ ቃለ ጉባኤው የገባው ያን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ በሒሳብ ቀመር ይበጠብጠዋል፤ ፓስወርዱን ላልያዘ ሰው ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ይሆናል። ዛሬ አብዛኛው ሶፍትዌር የሚጠቀምበት ቀመር ኤኢኤስ ይባላል፤ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጅጎች የሠሩት ሲሆን አሜሪካ በፈረንጆቹ 2001 የመንግሥት መስፈርቷ አድርጋዋለች። በዓለም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ተባብሮ ቁልፉን እየገመተ ቢሞክር የፀሐይ ዕድሜ አይበቃውም። እንግዲህ ውድ በሚባለውም በነፃ በሚገኘውም ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ቀመር ያው አንዱ ነው። "የቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው?" እያልን ስንከራከር የዋልንበት ከሰዓት በኋላ ለከንቱ ነበር። መጠየቅ የነበረብን ሌላ ነበር፤ ወር መጨረሻ ላይ፣ መብራት ሊሄድ ሲል፣ ታክሲ ሊሞላበት የሚሮጥ ሰው የትኛውን ሳያማርር ይጠቀምበታል?

መጀመሪያ የቀረበው ሰቨን ዚፕ ነው። ነፃ ነው፣ ፋይሎቹን ጠቅልሎ ፓስወርድ ያደርግባቸዋል። አንድ ሰነድ አንድ ጊዜ በኢሜይል ለመላክ ከበቂ በላይ ነው። ለየዕለት ሥራ ግን ጣጣ አለው። የፋይሉን ስምም ደብቅ ብለው ካላዘዙት ስሙ ለአላፊ አግዳሚው ይታያል፤ የኛ ሰው ደግሞ ለፋይል ስም ሲያወጣ ሙሉ ታሪኩን ነው የሚጽፈው። "ፔሮል የመጨረሻ"፣ "ፔሮል የመጨረሻ 2"፣ "ፔሮል እውነተኛው የመጨረሻ አበል ያለበት"። በዚያ ላይ ሰነዱን ሲከፍቱት ጊዜያዊ ቅጂ በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ሊቀር ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው ከፍተው ቆልፈው ቢወጡ፣ ፍላሹ ተቆልፎ ሰነዱ እዚያው አደረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቬራክሪፕት ነበር። የልጁ ዓይን ያበራው በዚህኛው ነው። ነፃ፣ ምንጩ ለመርማሪ ሁሉ ክፍት፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም የሚሠራ። "ጋሼ፣ ደግሞ ስውር ክፍል አለው። አንድ ፍላሽ፣ ሁለት ፓስወርድ። ሰው አስገድዶ ክፈት ቢልዎት የማይጎዳውን ይከፍቱለታል፤ ሌላው መኖሩንም አያውቅ።"

ክፍሉ ጭጭ አለ። የሂሳብ ኃላፊዋ ጣሪያውን አየች። ሰብሳቢው ውኃ ተጎነጩ። ለአንዱ አንድ መዝገብ፣ ለሌላው ሌላ መዝገብ ማሳየት በንግዱ ዓለም የቆየ ጥበብ ስለሆነ፣ "ይቺን ስውር ክፍል እንኳ ቃለ ጉባኤው ላይ አታስፍራት" ተባልኩ። አላሰፈርኳትም።

ቬራክሪፕትን የጣለው ግን ይህ አይደለም። የግዢ ኃላፊው ናቸው የጣሉት።

"ዋጋው ስንት ነው?"

"ነፃ ነው፣ ጋሼ።"

"ነፃ ማለት ስንት?"

"ዜሮ።"

"ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ላምጣ? ዜሮ ብር ብሎ ማህተም የሚያደርግ ሦስት ነጋዴ ይገኛል? ዊዝሆልዲንጉንስ ከምኑ ላይ ልቁረጥ?" ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። "ደረሰኝ የሌለው ነገር ኦዲተር ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ ልጆች አሉኝ።"

ልጁ ላብ በላብ ሆነ። ነገር ግን ቬራክሪፕት የእውነት ችግርም ነበረበት። ፍላሹን በሌላ ኮምፒውተር ለመክፈት ሶፍትዌሩ እዚያ መኖር ወይም ፍላሹ ላይ መጫን አለበት፤ ሲጫንም ሆነ ከፍላሹ ሲነሳ የአድሚን ፈቃድ ይጠይቃል። የቡራዩ መጋዘን ኮምፒውተር የአድሚን ፓስወርድ ደግሞ ከሚያውቀው ልጅ ጋር ዱባይ ከሄደ ቆይቷል።

ሦስተኛው፣ ቁጥር መንኪያ ራሱ ላይ ያለው ፍላሽ ነው። ሶፍትዌር አይፈልግም፤ ቁጥሩን ካልነኩለት አይከፈትም። መርካቶ የተላከው ሾፌር ያንን አጥቶ፣ 2 ቴራ ባይት የሚል የተጻፈበት ፍላሽ በቅናሽ ዋጋ ይዞ ተመለሰ። ጠርጥር አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር! ልጁ ሲፈትሸው ውስጡ ከጥቂት ጊጋ ባይት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ሲጭኑበት "ተጭኗል" እያለ የፊተኛውን ያጠፋል። ከወሬ አቀባይ ወደ ውሸታም ልንዛወር ነበር።

የቀረው ቢትሎከር ነው። ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ለተነቃይ ፍላሽ የሚሆነው ዓይነት ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ አለ። ፍላሹን በቀኝ ጠቅ፣ ፓስወርድ ሁለት ጊዜ፣ አለቀ። የተቆለፈውን ፍላሽ ሆም የተባለው ርካሹ ዊንዶውስም ይከፍተዋል፤ መቆለፉን ነው የማያውቅበት። ለኛ ሾፌርና ስቶር ኪፐር ከዚህ የሚቀል የለም። ሰብሳቢው ሊያጸድቁ ሲሉ ልጁ አሳለ። ኮምፒውተሮቻችን ላይ ያለው ዊንዶውስ ከየት እንደመጣ ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ምስጢራችንን በተሰረቀ መቆለፊያ ልንቆልፈው ኖሯል። ፈቃዱ በገንዘብ መገዛት አለበት ሲባል የግዢ ኃላፊው ፊት በራ። "ይሄማ ፕሮፎርማ አለው!" ቢትሎከር ያሸነፈው ዋጋ ስላለው ነው ብዬ ብጽፍ ቃለ ጉባኤው አይፈረምልኝም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሂሳብ ኃላፊዋ ዋናውን ጥያቄ አነሳች። "ፓስወርዱን ብንረሳስ?"

ጥያቄው ከባድ ነው። ስቴፋን ቶማስ የሚባል ፕሮግራመር ለ7,002 ቢትኮይን የሚሆነውን ቁልፍ አይረንኪ በተባለ ፍላሽ ላይ አስቀምጦ፣ ፓስወርዱ ያለበት ወረቀት ጠፋበት። ያ ፍላሽ አሥር ጊዜ ከተሳሳቱ ለዘለዓለም ይዘጋል። ጉዳዩ በጥር 2021 ለዓለም ሲሰማ ሰውየው ስምንቱን ሞክሮ ሁለት ቀርተውታል፤ ገንዘቡ በጊዜው ዋጋ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። መቆለፊያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ባለቤቱንም እምቢ አለ። ሶፍትዌሩ ራሱም ቢሆን ጥሎ ይሄዳል፤ በዘመኑ ዝነኛ የነበረውን ትሩክሪፕትን ያዘጋጁት ሰዎች በፈረንጆቹ 2014 ግንቦት ላይ "ከእንግዲህ አስተማማኝ አይደለም፣ ወደ ቢትሎከር ዙሩ" ብለው በድንገት ዘግተውታል። ቬራክሪፕት ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ከሱ ተቀድቶ ስለነበር ነው መስመሩ ያልጠፋው።

ቢትሎከር ለዚህ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ መክፈቻ ቁጥር ይሰጣል፤ በስድስት በስድስት ተከፍሎ ስምንት ረድፍ። ልጁ ሲያትመው አንድ ነገር ጣል አደረገ። "እትዬ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ለ11 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሲገለበጥ አንድ አኃዝ ቢሳሳቱ ወዲያው እንዲታወቅ ነው።" የሂሳብ ኃላፊዋ እንዲህ ያለውን በቃል ብቻ የምትቀበል ሴት አይደለችም። ካልኩሌተሯን ሳበች። መጀመሪያ ቁጥሩን ጮክ ብላ ልታነብ አፏን ከፈተች፤ ዙሪያዋን አየችና ገጠመችው። ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ፣ በግራ እጇ ወረቀቱን ሸፍና፣ በቀኝ አውራ ጣቷ እየነካች አካፈለች። (የድርጅቱን ቁጥር አልነግራችሁም፤ እናንተ 275418 ብላችሁ ሞክሩት፣ 25038 ይመጣል።) ስምንተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ካልኩሌተሯን አጠፋች። "ይዘጋል" አለች። ሂሳብ ሲዘጋ ብቻ የምትለውን ቃል ለሶፍትዌር ስትለው ያን ቀን ሰማን።

ወረቀቱ ፖስታ ውስጥ ታሸገ፣ እጥፋቱ ላይ ማህተም ተመታ፣ በላዩ ተፈረመ፣ ካዝና ገባ።

ከዚያ ፓስወርዱ መጣ። የሦስቱ ከተሞች ስም ተከታትሎ ይሁን ተባለ፤ ረጅም ነው፣ ለማስታወስም አይከብድም። ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ሾፌሩ ሰበታን በአንድ "ቢ" ጻፈ፤ ስቶር ኪፐሩ በኦሮምኛ በሁለት "ቢ"። ቡራዩማ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ነበረው። በአማርኛ ፊደል እንዳንጽፍ ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስንደርስ ልንቀር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፍላሽ የየራሱ፣ ያዢው ብቻ የሚያውቀው ፓስወርድ ተወሰነ። የሱሉልታው ስቶር ኪፐር የሱን በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምር ቁጥር አድርጎ ስልኩ ላይ "ፍላሽ" በሚል ስም መዘገበው። አንድ ቀን ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ደወለና ፓስወርዱ አነሳ። "ማን ልበል?" አለ፤ የጅማ ሰው ነበር።

የጃፓኖቹ ግን ከኛ ይብሳል። በሰኔ 2022 አማጋሳኪ በተባለች ከተማ የማዘጋጃ ቤት ሥራ የያዘ የኩባንያ ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ሲጠጣ አምሽቶ፣ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ የ460,000 ያህል ነዋሪዎች መረጃ ያለበትን ፍላሽ ከነቦርሳው ጣለ። ደግነቱ ፍላሹ የተመሰጠረ ነበር። ባለሥልጣናቱ ጋዜጣዊ መግለጫ ሰጥተው ሕዝቡን ሲያረጋጉ ግን ፓስወርዱ 13 ፊደልና ቁጥር እንደሆነ ተናገሩ። ሌባ ቢኖር ኖሮ ግማሽ ሥራውን በቴሌቪዥን ተቀበለ። ቦርሳው በኋላ ከነፍላሹ ተገኘ።

የተቆለፈ ነገር በሰው በኩል እንደሚወጣ አገራችንም ታውቃለች። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰርዟል። ከፈተና ይበልጥ የታሸገና የተጠበቀ ወረቀት በዚህ አገር የለም። መቆለፊያ ጠፍቶን አያውቅም፤ የጠፋን እምቢ ባይ ነው። አንድ ቢሮ አብሮ እየበላ፣ እየተጎራረሰ፣ ለቅሶ አብሮ እየደረሰ፣ "ፓስወርድህን ንገረኝ" ላለው ባልደረባው "አልነግርህም" የሚል አንጀት ያለው ማን ነው? "እኔን? እኔን ነው የማታምነኝ?" ከተባለ በኋላ የሚተርፍ ምስጢር የለም። የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥራቸውን ለሱቁ ልጅ ጮክ ብለው የሚነግሩ እናቶች ሞኞች አይደሉም፤ ዝቅ አድርገው ቢነግሩት የጠረጠሩት ይመስላል ብለው ነው።

ስለዚህ የገዛነው ሶፍትዌር ከቁልፍነቱ ይልቅ ሠራተኛነቱ ነው የጠቀመን። በኛ ፈንታ እምቢ የሚል፣ የማይዘመድ፣ ቡና የማይጠጣ፣ ይሉኝታ የሌለው ሠራተኛ ቀጠርን። ሕጉም ከጀርባው አለለት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እምቢታ አዋጅ ሲጠቅስ ጨዋነት ይሆናል።

ከመቆለፉ በፊት አሮጌው ፍላሽ መራገፍ ነበረበት። የሠርግ ቪዲዮ ወጣ፣ መዝሙር ወጣ፣ መንዙማ ወጣ፣ ያለፉት ዓመታት ፔሮል በሙሉ ወጣ፣ ግማሹ ሠራተኛ ሥራ ፍለጋ የጻፈው ሲቪም ወጣ። ከመካከላቸው የምክትል ሥራ አስኪያጁ ነበረበት፤ ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ የታደሰ። አሮጌው ፔሮል ሱሉልታ ድረስ ምን ሊሠራ ይመላለስ እንደነበር የመለሰ ሰው የለም። ከተቆለፈውም ይልቅ ያልተጫነው እንዳስተማመነን ያኔ ገባን፤ ዛሬ በፍላሹ የሚሄደው የወሩ ብቻ ነው።

አሁን ስቶር ኪፐሩን የሚያህል ደስተኛ የለም። "እስቲ ፍላሽህን አውሰኝ፣ ለልጄ ፊልም ላስጭንበት" የሚሉት ጎረቤቶቹ ዓመታት አሰልችተውታል፤ ዛሬ "ምን ላድርግ፣ ይቆልፋል እኮ" ይላል፣ በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ። ማንም አልተቀየመውም።

ፈተናው የመጣው ከላይ ነው። የሂሳብ ኃላፊዋ የዓመት ፈቃድ ልትወጣ ስትል ሥራ አስኪያጁ ጠሯት።

"የኔ ልጅ፣ ምናልባት ብትታመሚስ? ፓስወርዱን ለኔ ብቻ ብትነግሪኝ።"

"ጋሼ፣ ከጠየቁኝ እነግርዎታለሁ፤ እርስዎን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ስለዚህ እባክዎ አይጠይቁኝ። ፖስታው ካዝና ውስጥ ነው። ማህተሙን ቀደው፣ ፈርመው፣ ምክንያቱን መዝገብ ላይ ጽፈው መክፈት ይችላሉ።"

"ምክንያት መጻፍ አለብኝ?"

"ከነቀኑ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው አትታመሚ" ብለው አሰናበቷት።